ሰፈርና ስሙ፦ የአዲስ አበባ የመንደር ስያሜዎች ታሪክና ትውፊት

አዲስ አበባ ስሟ «አዲስ» ቢሆንም እርሷ ራሷ አዲስ መባሏ ካለፈ ቆይቷል። ከተቆረቆረችበት ከ1879 ዓ.ም. ወዲህ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ተቆጥሯል። በዚህ ዘመን ውስጥ ከቤቶቿ አብዛኞቹ ፈርሰው ተሠርተዋል፤ መንገዶቿ ተቀይሰዋል፤ የአንዳንድ አደባባዮቿም ስም ከአንድ ጊዜ በላይ ተለውጧል። የመንደሮቿ መጠሪያ ግን በአመዛኙ ከሕዝቡ አፍ አልወረደም። ዛሬም ቢሆን መንገደኛ አቅጣጫ ሲጠይቅ የሚነገረው የጎዳና ስምና የቤት ቁጥር ሳይሆን የሰፈር ስም ነው። ለቅሶ የሚደርስ ሰውም ሆነ ሠርግ የተጠራ እንግዳ «ከሰባራ ባቡር ዝቅ ብሎ»፣ «ጣሊያን ሰፈር ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ» ተብሎ ይላካል፤ ደግሞም አይጠፋበትም።

እነዚህ ስሞች በየዕለቱ ስለሚጠሩ ትርጉማቸው ከጆሮ ርቋል። «እሪ በከንቱ ወራጅ አለ» ብሎ የሚጮኽ ተሳፋሪ ስለ እሪታ አያስብም፤ «ካዛንቺስ» የሚል ሰውም የአንድ መሥሪያ ቤትን ስም በአጭሩ እየጠራ መሆኑ ትዝ አይለውም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከስሞቹ ጥቂቶቹን መልሶ ማድመጥ ነው። በዚህም ጊዜ በጽሑፍና በታወቀ የታሪክ ክንውን የተረጋገጠውን «ነው» እያልን፣ ከአባት ወደ ልጅ በቃል የወረደውን ደግሞ «ይነገራል» እያልን እንለያለን። ሁለቱም ቅርስ ናቸው፤ መደባለቃቸው ግን ሁለቱንም ይጎዳል።

ከሰፈሩ በፊት የነበረው ስም

ከተማይቱ የተቆረቆረችው ስም በሌለው ባዶ ምድር ላይ አልነበረም። አካባቢው የኦሮሞ ሕዝብ የሚኖርበት፣ ወንዙና ኮረብታው፣ ሜዳውና ምንጩ ሁሉ ስም የነበረው አገር ነበር። ፊንፊኔ የሚለው ስም ዛሬ ፍል ውሃ ከምንለው፣ እየፈለቀና እየፎለቀ ከሚወጣው ውሃ ጋር የተያያዘ ነው። ጉለሌና የካም በአካባቢው ይኖሩ የነበሩ የኦሮሞ ጎሣዎች መጠሪያዎች ናቸው። የገላን ስምም እንደዚሁ ነው፤ ከከተማይቱ ወደ ደቡብ ሲወጣ ዛሬም ይሰማል። በዙሪያዋ ያሉት ለገዳዲና ለገጣፎ የሚጀምሩበት «ለገ» ደግሞ በኦሮምኛ ወንዝ ማለት ነው። አንባቢ ይህን ቃል ይያዝልን፤ በኋላ በሌላ ምክንያት እንመለስበታለን።

ጉለሌ ሲል ሰው የሚያስበው የክፍለ ከተማውን ጽሕፈት ቤት ወይም የዕፅዋት ማዕከሉን ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ይህ ስም በከተማይቱ ካሉት ስሞች ሁሉ ከቀደሙት አንዱ ነው፤ ከእንጦጦ ላይ ወደ ታች ወርዶ ድንኳኑን ከተከለው የምኒልክ ሠራዊት በፊት እዚያው ነበር። የከተማይቱ የስም ታሪክ ከዚህ ካልጀመረ የመጀመሪያው ገጽ የተቀደደ መጽሐፍ ይሆናል።

ድንኳን የተከለው ቃል

«ሰፈር» የሚለው ቃል ዛሬ ጎረቤትንና ዕድርን፣ የልጅነት ጓደኛንና የቡና ጠጪን ያስታውሳል። መነሻው ግን «ሰፈረ» ከሚለው ግስ ነው፤ ሠራዊት ሲሰፍር ቦታው ሰፈር ይባል ነበር። «ከተማ» የሚለውም ቢሆን «ከተመ» ከሚለው የወጣ ሲሆን በቀድሞው አጠቃቀም ንጉሡ ከነሠራዊቱ ያረፈበትን ቦታ ያመለክት ነበር። ጎንደርን የመሰሉ ቋሚ መናገሻዎች ቢነሡም የኢትዮጵያ ነገሥታት ለረጅም ዘመን ግቢያቸውን ይዘው ከቦታ ቦታ ይዘዋወሩ ነበር። የሰፈሩ አቀማመጥ ግን እንዳገኘ አልነበረም። የንጉሡ ድንኳን በመካከል ይተከላል፤ መኳንንቱም እያንዳንዳቸው በታወቀላቸው አቅጣጫና ርቀት ከነጭፍራቸው ይሰፍራሉ። ፊታውራሪ ከፊት፣ ቀኛዝማች ከቀኝ፣ ግራዝማች ከግራ፣ ደጃዝማች ከደጅ መሆናቸውን የማዕረግ ስሞቻቸው ራሳቸው ይናገራሉ። ስለዚህ ሌሊት የደረሰ መልእክተኛ አገሩን ባያውቀውም የሚፈልገውን ሰው ድንኳን አያጣውም ነበር።

አዲስ አበባ የዚህ ሥርዓት የመጨረሻ ልጅ ናት ማለት ይቻላል። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ብርድና ነፋስ ከበዛበት ከእንጦጦ ወደ ፍል ውሃው አካባቢ ሲወርዱ፣ ለከተማይቱም ስሟን ያወጡላት እቴጌ ጣይቱ ሲሆኑ፣ ቤተ መንግሥቱ በኮረብታ ላይ ተሠራ። ለራሶቹና ለደጃዝማቾቹም በዙሪያው ያሉ ጉብታዎች ተሰጧቸው። እያንዳንዱ መኰንን በተሰጠው ቦታ ላይ ግቢውን አሠርቶ ተቀመጠ። ወታደሩ፣ አሽከሩ፣ ጋሻ ጃግሬውና ጠጅ ጣዩ፣ እንጀራ ጋጋሪዋና እንጨት ፈላጩ ደግሞ ከግቢው ግርጌ ጎጆውን ቀለሰ። በሰፈርና በሰፈር መካከል እንደ ቀበናና ግንፍሌ ያሉ ወንዞች የቆረጧቸው ሸለቆዎች ነበሩ፤ ዝናብ በከበደ ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ቀላል ነገር አልነበረም። ራስ መኮንን፣ ራስ ካሳ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ የሚሉት መጠሪያዎች የዚያ አሰፋፈር አሻራዎች ናቸው። ድልድይ የሚለው ቃል ከስሞቹ ጋር መጣበቁም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ተራርቀው የሰፈሩትን መንደሮች ከተማ ያደረጓቸው ድልድዮች ናቸውና።

ይህ ሁሉ ሰፈር ተነቅሎ ሊሄድ የቀረበት ጊዜም ነበር። በ1890ዎቹ የማገዶ እንጨት አልቆ ስለነበር ምኒልክ ወደ ምዕራብ ርቆ በሚገኝ ቦታ አዲስ ዓለም ብለው የሰየሙትን ሌላ መናገሻ ማሠራት ጀምረው ነበር። በቀድሞው ልማድ ቢሆን ድንኳኑ ይነቀላል፣ ሠራዊቱ ይከተላል፣ ስሞቹም ሣር ይበቅልባቸዋል። ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ግን ቶሎ አድጎ የማገዶውን ችግር አቃለለ፤ መኳንንቱም ከድንጋይ ያሠሩትን ቤት ትቶ መሄድ እንደ ድንኳን ማጠፍ የሚቀል አልነበረም። አዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ስለዚህ ዛሬ «ሰፈሬ» የምንለው ሳይነሣ የቀረ ሰፈር ነው።

ከመኳንንቱ ስም ጎን ለጎን ሥራ ያወጣቸው ስሞች አሉ። ሠራተኛ ሰፈር የቤተ መንግሥቱ ባለ እጆች የሰፈሩበት ነው። ዘበኛ ሰፈር የጠባቂዎቹ ነው። ገዳም ሰፈር ከአራዳ ጊዮርጊስ አቅራቢያ ነው፤ ስሙ ከካህናት ጋር የተያያዘ ነው። ጎፋ ሰፈርና ወሎ ሰፈር ሰዎቹ ከየት እንደ መጡ ይነግሩናል። ሽሮ ሜዳ ደግሞ ዶርዜ የሚለውን ቃል በስሙ ባይዝም ከደቡብ የመጡት የዶርዜ ሸማኔዎች ጥበብ ዛሬም መለያው ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። የራሱ ስም የቀረው በግቢው ነው፤ የጋጋሪዋና የፈላጩ ስም ግን የለም። ሠራተኛ ሰፈር የሚለው ስም ለእነርሱ ከተተከሉ ጥቂት ሐውልቶች አንዱ ነው።

ተረክ ያዘሉ ስሞች

እሪ በከንቱን የመሰለ ስም በሌላ ከተማ ማግኘት ያስቸግራል። ሁለት ቃል ነው፤ ሙሉ ታሪክ ነው። በፒያሳ አካባቢ፣ ወንዝ በሚወርድበት ሸለቆ የሚገኘው ይህ ሰፈር ቀድሞ ጭርታ የበዛበት ቦታ እንደነበር ይነገራል። ከመሸ በኋላ ከሰፈር ወደ ሰፈር የሚሻገረውን መንገደኛ ሽፍቶች እዚያ አድብተው ይዘርፉት ነበር። ቢጮኽ ሸለቆው ድምፁን ይውጠዋል፤ የሚሰማውም ቢኖር አይደርስለትም። ስለዚህ «እዚያ እሪ ቢሉ በከንቱ ነው» ተባለ፤ ስሙም በዚያው ጸና። ተራኪዎች የተዘረፈውን ሰው ማንነትና የዘራፊዎቹን ብዛት ይለዋውጡታል፤ ፍሬ ነገሩ ግን አንድ ነው።

ተረኩን ለመረዳት እሪታ በቀደመው ማኅበረሰብ ምን እንደነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል። እሪ ማለት መጮኽ ብቻ አልነበረም፤ ጥሪ ነበር። የሰማ ጎረቤት ያለውን ይዞ መውጣት ማኅበራዊ ግዴታው ነበር፤ ያልወጣ በሽማግሌዎች ፊት ይወቀሳል፣ ከዱላውና ከሌባውም ጋር ያብራል ተብሎ ይጠረጠራል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ላደገ ሰው እሪታው መልስ የማያገኝበት ቦታ መኖሩ ከሽፍታው ይልቅ የሚያስደነግጥ ነገር ነው። ከየአገሩ የመጣ፣ እርስ በርሱ የማይተዋወቅ ሕዝብ በአንድ ቦታ ሲሰፍር በመካከሉ የማንም ያልሆነ ሸለቆ ይፈጠራል። እሪ በከንቱ ይህን አዲስ የከተማ ብቸኝነት የመዘገበ ስም ይመስለናል። ስሙን ያወጣው ሰው ሌባውን አልከሰሰም፤ የከሰሰው ሰምቶ ያልወጣውን ነው።

ሰባራ ባቡር በአንጻሩ ሳቅ ያለበት ስም ነው። ብዙ ወጣቶች ስሙን ሲሰሙ የተሰበረ ባቡር በሐዲድ ላይ ቆሞ ይታያቸዋል። ሐዲድ ግን በዚያ ሰፈር አልፎ አያውቅም። ነገሩ እንዲህ ነው። «ባቡር» የሚለው ቃል መነሻው እንፋሎት ማለት የሆነ የአውሮፓ ቃል ሲሆን በዓረብኛ በኩል ወደ እኛ ገብቷል። መጀመሪያ ላይ በሞተር ኃይል የሚንቀሳቀሰውን መሣሪያ ሁሉ ያጠቃልል ነበር፤ የእህል ወፍጮው ባቡር ይባላል፣ የእርሻ ትራክተሩም ባቡር ይባላል። በሐዲድ የሚሄደውን ለይቶ ለመጥራት «የምድር ባቡር» ማለት የተለመደውም ሌላም ባቡር ስለነበረ ነው።

በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ዓመታት ሰርኪስ ተርዚያን የተባለ አርመናዊ ነጋዴ በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ ወደ ምኒልክ ከተማ አስመጣ። የምድር ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ስለሆነ ያ ግዙፍ ብረት ከሐዲዱ መድረሻ ጀምሮ በራሱ ጎማ ተራራውንና ወንዙን አቋርጦ መምጣት ነበረበት። ጭስ እየተፋ ሲገባ ለማየት ያልወጣ ሰው እንዳልነበረ መገመት አያዳግትም፤ «የሰርኪስ ባቡር» የሚለው አጠራርም እስከ ዛሬ ድረስ ይታወሳል። ይህ መዳመጫ በኋላ ተበላሽቶ በቆመበት ቦታ እንደ ቀረ፣ ቦታውም ሰባራ ባቡር እንደ ተባለ ይነገራል። ሞተሩ የሚሠራበት ዘመን አጭር ነበር። ቆሞ ዝጎ የሠራው ሥራ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ዘልቋል።

ጣሊያን ሰፈር በዚሁ በከተማይቱ አሮጌ ክፍል ይገኛል። ብዙ ሰው ስሙን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከነበረው የወረራ ዘመን ጋር ያያይዘዋል። የአካባቢው ትውፊት ግን ወደ 1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ ድል ይመልሰናል፤ በጦርነቱ የተማረኩት ጣሊያኖች ወደ አዲስ አበባ መጥተው ከሰፈሩባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ እንደሆነ ይነገራል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። አንዱ አተረጓጎም ስሙን የወራሪ አሻራ ያደርገዋል፤ ሌላው ደግሞ የምርኮኛ መቆያ ያደርገዋል። የስምን ታሪክ ሳይጠይቁ «ይለወጥ» ማለት የድልን ምልክት በገዛ እጅ መፋቅ ሊሆን ይችላል።

ውቤ በረሃ ከደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ሰፈር ጋር የተያያዘ ነው፤ እኒህ መኰንን የንግሥት ዘውዲቱ ባለቤት የነበሩ ናቸው። በረሃ የሚለው ግን አሸዋና ፀሐይን አያመለክትም። በአማርኛ «በረሃ ገባ» የተባለ ሰው ከሕግና ከዘመድ ዓይን የራቀ ነው። ሰፈሩ በኋላ በመጠጥ ቤቶቹና በዳንኪራው ሲታወቅ ይህ ቅጽል ተስማምቶት ቀረ።

የባዕድ ቃል፣ የአገር ስም

አምስቱ የወረራ ዓመታት በከተማይቱ ካርታ ላይ ብዙ ስሞችን ጽፈው ነበር። ጎዳናዎችና አደባባዮች ለፋሺስቱ ሥርዓትና ለሹማምንቱ ክብር ተሰይመው ነበር፤ ከእነዚያ በአዋጅ ከተሰየሙት አንዱም በሕዝቡ አፍ አልቀረም። የቀሩት ማንም ሊያከብራቸው ያላሰባቸው ተራ ቃላት ናቸው። ፒያሳ አደባባይ ማለት ነው። ፖፖላሬ ለብዙኃን የተሠሩ ቤቶች ከሚለው የመጣ ነው። ካዛንቺስ ከሁሉ ይገርማል፦ «ካዜ» ቤቶች ማለት ሲሆን «ኢንቺስ» ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት የሚሠራው የጣሊያን ብሔራዊ ተቋም ስም አሕጽሮት ነው። የአንድ ቢሮ አሕጽሮት ከአዲስ አበቤ ምላስ ጋር ተላምዶ፣ ተለስልሶ፣ የራሱ ልጆችና የራሱ ትዝታ ያለው ሰፈር ሆነ።

የመርካቶ ነገር ትንሽ ቆም ያሰኛል። ትልቁ ገበያ ቀድሞ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ነበር። ወራሪው መንግሥት ነጭንና ጥቁርን ለይቶ ለማስፈር ባወጣው ዕቅድ ገበያውን ወደ ምዕራብ አዛወረው፤ ስሙንም «የአገሬው ተወላጆች ገበያ» አለው። በዚህ አጠራር ውስጥ «ተወላጅ» የሚለው ቃል የክብር ቃል አልነበረም። ሕዝቡ ከሁለቱ ቃል አንዱን ብቻ ወሰደ፤ ገበያ የሚለውን መርካቶን ተቀበለ፣ የሚያዋርደውን ቅጽል ጣለ። ማንም አላወጀውም፣ ማንም አልተስማማበትም፤ ሆኖም ከብዙ አዋጅ ይልቅ ጸና። ገበያው ለቆት የሄደው አራዳም ቢሆን ስሙን አላጣም። እንዲያውም «አራዳ» ከቦታ ስምነት አልፎ ነገር የገባው፣ የማይታለል፣ የከተማ ኑሮ ያሠለጠነው ሰው መጠሪያ ሆነ።

በመርካቶ ውስጥ ስም ማውጣት ዛሬም አልቆመም። በርበሬ ተራና ሸማ ተራ የሚሸጠውን ዕቃ ይናገራሉ። ጭድ ተራ የሚባለው ጭዱ ካለቀ በኋላም ጭድ ተራ ነው። ምናለሽ ተራ ደግሞ የገዢና የሻጭ ንግግር በስምነት የቀረበት ነው። አሮጌ ቆርቆሮ፣ ያገለገለ ብረት፣ ክዳን የሌለው ድስት የሚገኝበት፣ የተጣለ ነገር እንደገና ዕቃ የሚሆንበት ሰፈር ከዚህ የተሻለ ስም አያገኝም። ዱባይ ተራ የቅርብ ጊዜ ልጅ ነው፤ የወደፊት የታሪክ ጸሐፊ የዘመናችን ነጋዴ ዕቃውን ከየት ያመጣ እንደነበር ከዚህ ስም ያነባል።

በስተ ሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አለ። ለጋሲዮን ከኤምባሲ ዝቅ ያለ የዲፕሎማሲ ማዕረግ ነው፤ ፈረንሳይም ወደ ኤምባሲነት ከፍ ካደረገችው ብዙ ዘመን ሆኖታል። ሕዝቡ ግን ለጋሲዮን እንዳለ ነው። ወደ ደቡብ ሲኬድ ንፋስ ስልክን እናገኛለን። ስልክ ሽቦ በነበረበት ዘመን ያለ ሽቦ፣ በነፋስ የሚሄድ መልእክት ሲመጣ አማርኛ ከጓዳው ያወጣለት ስም ነው። ሰፈሩም በዚያ ከነበረው የሽቦ አልባ መገናኛ ጣቢያ ስሙን እንዳገኘ ይነገራል። «ሬዲዮ» የሚለው ቃል በኋላ አሸንፎ ሲለመድ አሮጌው ትርጉም በሰፈር ስም ውስጥ ተጠልሎ ተረፈ።

አዋጅና አፍ

ስም በአዋጅ አይጸናም ማለት ግን አይደለም፤ ሕዝቡ ምክንያቱን ሲቀበለው ይጸናል። ፋሺስት ጣሊያን ኢትዮጵያን ከግዛቷ ስትቀላቅል ሜክሲኮ ድርጊቱን አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች። አዲስ አበባ ለዚህ ውለታ አደባባይ ሰየመችላት፤ በሜክሲኮ ከተማም ኢትዮጵያ የሚባል አደባባይና የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አለ። የእኛው ሜክሲኮ ያለ ተቃውሞ ተለመደ። በፒያሳ እምብርት ያለው አደባባይ ግን በፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት በደ ጎል ስም ቢሰየምም ቀጠሮ የሚይዝ ሰው «ፒያሳ» ማለቱን አልተወም። መስቀል አደባባይ በደርግ ዘመን አብዮት አደባባይ ተብሎ ነበር፤ ሥርዓቱ ሲያልፍ ስሙ ተመለሰ። ሆኖም በዚያ ዘመን ያደጉ ሰዎች አፋቸው አምልጧቸው «አብዮት» ሲሉ ዛሬም ይሰማል።

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ከተማይቱ በከፍተኛና በቀበሌ ቁጥር ተከፋፈለች። መታወቂያው፣ ራሽኑ፣ ስብሰባው፣ ሁሉ በቁጥር ሆነ። ሰው የቀበሌውን ቁጥር በቃሉ ያዘ፤ ቢሆንም በቁጥር አልናፈቀም፣ ልጅነቱንም በቁጥር አላወጋም። በ1995 ዓ.ም. ክፍላተ ከተማ ሲደራጁ አስተዳደሩ ወደ ነባሮቹ ስሞች ተመለሰ፤ አራዳ፣ ጉለሌ፣ የካ፣ ልደታ፣ ቂርቆስ፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ እና ሌሎቹም በማኅተም ላይ ሰፈሩ። ቁጥሮቹ በየጊዜው ተሸጋሸጉ፤ ስሞቹ አልተነቃነቁም።

ሰዎቹ ሲሄዱ

እስከ አሁን ያነሣናቸው ስሞች የጸኑት በድንጋይ ላይ ስለ ተቀረጹ አይደለም። የጸኑት «ለምን እንዲህ ተባለ?» ብሎ ለሚጠይቅ ልጅ የሚመልሱ አያት በዚያው ሰፈር ስለነበሩ ነው። በቅርብ ዓመታት እንደ ካዛንቺስና ዶሮ ማነቂያ ያሉ ነባር ሰፈሮች በመልሶ ማልማት ሥራ መልካቸው ተለውጧል። ነዋሪዎቻቸውም ወደ ተለያዩ አዳዲስ መንደሮች ሄደዋል። ከተማ ያድጋል፤ የጭቃ ቤት ዘላለም አይቆምም፤ መጸዳጃና ውሃ የሌለው ጉረኖ ቤት ለትዝታ ሲባል ይቆይ የሚል ሰውም ራሱ አይኖርበትም። ነገር ግን በአንድ ዕድር የነበሩ ሽማግሌዎች አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ ሌላው ወደ ደቡብ ሲበተኑ ስሙ በቦታው ላይ ይቀራል፣ ተረኩ ከሰዎቹ ጋር ይሄዳል። ስምና ተረክ ከተለያዩ በኋላ መልሶ ማገናኘት እጅግ ከባድ ነው። የሰባራ ባቡርን ነገር ለሐዲድ ባቡር የሚሰጡ ወጣቶች የዚህ መለያየት ማሳያ ናቸው።

በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የአገር ቅርስ ሲባል ሕንፃና ጽሑፍ፣ ጽላትና ሐውልት ብቻ አይደለም፤ በእጅ የማይዳሰሰው፣ በቃል የሚወርሰው የሕዝብ ሀብትም በውስጡ ይጠቃለላል። የሰፈር ስም ተረክ ከዚህ የሚመደብ ነው። ለመመዝገቡም የተለየ መሣሪያ አያስፈልገውም። ከሰፈሩ ቀደምት ነዋሪ ጋር ተቀምጦ ማድመጥ፣ የነገሩትን እንደ ነገሩት መጻፍ፣ ከማን እንደ ሰሙት መጠየቅ፣ የተመዘገበበትን ቀን ማኖር በቂ መነሻ ነው። ሁለት ሰዎች ሁለት ዓይነት ታሪክ ቢነግሩ ሁለቱንም መያዝ ይገባል። የሚያምረውን መርጦ ሌላውን መተው ቀርቶ የጎደለ የመሰለውን ከራስ አምጥቶ መሙላትም የተለመደ ስሕተት ነው። በተለይ ስድብ ያለባቸውን፣ ለጆሮ የሚጎረብጡትን ስሞች አስተካክሎ መጻፍ አይገባም፤ እሪ በከንቱን ማንም አሳምሮት ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንሰማው ነገር አይኖርም ነበር።

ለገሃር

ቀደም ሲል «ለገ» የሚለውን የኦሮምኛ ቃል አንባቢ እንዲይዝልን ጠይቀን ነበር። ለገዳዲንና ለገጣፎን የሚያውቅ ሰው ለገሃር ሲባል ቢሰማ ሌላ ወንዝ መስሎት ቢፈልግ አይፈረድበትም፤ ቃሉ አገር በቀል ሆኖ ይሰማልና። ወንዝ ግን አይደለም። «ላ ጋር» በፈረንሳይኛ የባቡር ጣቢያው ማለት ነው። ከጅቡቲ የተነሣውን ሐዲድ የሠራውና ያስተዳደረው ኩባንያ ፈረንሳዊ ነበርና የጣቢያው መጠሪያ በሠራተኛውና በተሸካሚው፣ በተሳፋሪውና በሻይ ሻጩ አፍ ሲዞር የአገሩን የስም አወጣጥ ልብስ ለበሰ። ፈረንሳዊ ቢሰማው ምናልባት አያውቀውም።

ባቡሩ አዲስ አበባ ከገባበት ከ1909 ዓ.ም. ጀምሮ ለገሃር የከተማይቱ በር ነበር። እህልና ጨርቅ፣ ጋዜጣና ጨው፣ ልጁን ለትምህርት የሚሸኝ አባትና ከስደት የሚመለስ ዘመድ፣ ሁሉ እዚያ ይደርስ ነበር። ከፊቱ የቆመው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በወረራው ዘመን ወደ ሮም ተወስዶ በኋላ ተመልሷል። አሮጌው መስመር ከአዲስ አበባ መንቀሳቀስ ካቆመ ዓመታት ተቆጥረዋል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ተሳፋሪውን የሚቀበለው ከከተማይቱ ዳር፣ በፉሪ ለቡ ነው። ከለገሃር ተነሥቶ ወደ ጅቡቲ የሚሄድ ሰው ዛሬ የለም። የታክሲ ረዳቱ ግን ከስታዲየም በኩል ገና ብቅ ሳይል በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ «ለገሃር! ለገሃር!» እያለ ይጣራል፤ ሰውም ይሳፈራል።